ሳይመረምር ፎርማት የማያደርግ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ይህን የምጽፈው ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ጠጋኝ በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም ያረጀ ኮምፒውተር ይዛችሁ ለተቸገራችሁ ልጠቁማችሁ።

የምተዳደረው በጽሕፈትና በኮፒ ሥራ ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም የሚጻፈው በአንድ ዴስክቶፕ ነው። የተጫነበት ኡቡንቱ ነው፤ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም ማለት ነው። የፈቃድ ክፍያ የለበትም። በደንበኛ ፍላሽ ተሳፍሮ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስም አያስቸግረውም። ወድጄው ነው የምሠራበት።

ማሽኑ ግን እየተንቀራፈፈ መጣ። የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ሊብሬኦፊስ፣ እስኪከፈት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። የኢንተርኔት ብሮውዘሩ ፋየርፎክስ አብሮ ከተከፈተ ማውሱ ራሱ ስታክ ያደርጋል። ያማከርኳቸው ሁሉ መልሳቸው ወይ «ሊኑክሱን አጥፊውና ፎርማት ይደረግ» ነው፣ ወይ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ» ነው። ምን እንደሆነ ከፍቶ ያየው አልነበረም።

ይሄ ልጅ ግን መጀመሪያ ጠየቀኝ። የሚዘገየው ሲነሳ ነው ወይስ ከተነሳ በኋላ? ድምፅ ያሰማል? መብራት በድንገት ይጠፋባችኋል? ከዚያ ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍቶ «ቶፕ» የሚባለውን ትዕዛዝ ጻፈና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። «እትዬ፣ ይቺን ቁጥር ይዩልኝ» አለ። ፕሮሰሰሩ ዲስኩን እየጠበቀ ሥራ የሚፈታበትን ጊዜ የምታሳይ ቁጥር ናት። በጣም ከፍ ብላለች። ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነው፤ የሚያስጠብቀው ሃርድ ዲስኩ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ራሙን፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ጊዜያዊ ማከማቻ፣ አየ። 4 ጊጋ ነው። ብሮውዘር ሲከፈት ይሞላል። ሲሞላ ሲስተሙ የተትረፈረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋዋል፤ ስዋፕ የሚሉት እሱ ነው። የእኔ ዲስክ ደግሞ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ከራም ጋር ሲወዳደር ኤሊ ነው።

እዚህ ላይ «ኤስኤስዲ ይግዙ» ብሎ መጨረስ ይችል ነበር፤ ኤስኤስዲ የማይሽከረከረው፣ ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት ነው። አልጨረሰም። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን፣ ስማርት የሚባለውን መረጃ አወጣ። ዲስኩ ሊያነባቸው ያቃቱት ቦታዎች የሚቆጠሩበት መስመር አለ። ዜሮ መሆን ነበረበት፤ ዜሮ አይደለም። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ከአሁን በኋላ ምንም አንነካም። መጀመሪያ ፋይልዎን እናውጣ።»

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ለዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። እነዚያ እንዳሉት ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ የስንት ሰው ውልና የስንት ተማሪ ድካም አብሮ ይጠፋ ነበር። እሱ ግን ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ገለበጠ። ከዚያም እኔን አስቀምጦ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያስከፈተ አረጋገጠልኝ።

የቀረው ቀላል ነበር። ኤስኤስዲ ገባ። ለ4 ጊጋ ቀለል እንዲል በኡቡንቱ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን መረጠልኝ። ከመጫኑ በፊት ግን ሲስተሙን ከፍላሽ አስነስቶ ፕሪንተሬ ማተሙን፣ ዋይፋዩም መሥራቱን አሳየኝ። በራሙ ውስጥ ያለውን ጨምቆ የሚይዘውን ዜድራምን አበራ። የአማርኛ ኪቦርዱን አይባስ በሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ላይ አስተካከለ። አቧራውን ጠረገ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባ ስለነበር የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪም ቀየራት። ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ነግሮኝ ነበር፤ አንድ ብር አልጨመረም። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ በእጄ ሰጠኝ። «የደንበኞችዎ ሰነድ አለበት፤ እኔ ጋ መቅረት የለበትም» አለ። የተባረከ ልጅ!

አሁን ሊብሬኦፊስ ጠቅ ሳደርገው ይከፈታል። ደንበኛም ቆሞ አይጠብቅም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ማሽኖችን አይቀበልም። ስለዚህ ደህና ኮምፒውተር ይዛችሁ «ልጣለው ወይስ ልሽጠው» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ለዚህ ልጅ አሳዩት። ሊኑክስ የማይሆናችሁ ከሆነም አይደብቃችሁም። በፒችትሪ ሂሳብ የምትሠራ ጎረቤቴን «ፕሮግራምሽ የዊንዶውስ ነው፤ እዚያው ብትቆዪ ይሻልሻል» ብሎ ሳያስከፍል መልሷታል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ግን ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ ፋይል መገልበጫ ኤክስተርናል ካላችሁ ያዙ። ፕሪንተራችሁ ምን ዓይነት እንደሆነም ጽፋችሁ ሂዱ፤ መጠየቁ አይቀርም።