የወንድሜን ለውጥ በደብተር ላይ ላሳየን ፊዚዮቴራፒስት

የባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ጎረቤቶቻችን ታውቃላችሁ፤ ታናሽ ወንድሜ በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱን ተመቶ ሆስፒታል ሲገባ የንቃት ነጥቡ ከ15ቱ 8 ነበር። ዓይኑን መግለጡን፣ መናገሩንና መንቀሳቀሱን እያዩ የሚሞሉት ነው። 15 ሲሞላ ዳነልን ብለን እልል አልን። ቤት ሲገባ ግን ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚወስደው ሁለት ሰው ደግፎት ነበር። መጀመሪያ ያመላለስነው ቦታ ሁልጊዜ «ለውጥ አለው» ይሉናል፤ ምኑ እንደተለወጠ ስንጠይቅ መልስ የለም።

ከዚያ ይህን ፊዚዮቴራፒስት፣ በልምምድ እንቅስቃሴ የሚመልሰውን ልጅ አገኘን። የመጀመሪያ ቀን ሲለካ ብቻ ዋለ። ሳሎናችን ውስጥ ከወንበሩ 3 ሜትር ርቆ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈ። ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ፕላስተሩ ጋ ደርሶ፣ ዞሮ ተመልሶ እስኪቀመጥ 48 ሰከንድ ፈጀበት። ጤነኛ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ለእጁ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ ከሳህን ወደ ሳህን አስለቀመው፤ በ1 ደቂቃ 6። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈው።

በየሁለት ሳምንቱ ይለካል፤ ያው ወንበር፣ ያው ጫማ፣ ያው የጠዋት ሰዓት። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ እንግዳም መጥቶ ከሰዓት በኋላ ሆነና ሰከንዱ ጨመረ። እናቴ አለቀሰች። «እማማ፣ አይዞዎት፤ የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል፣ ነገ ጠዋት እንየው» አላት። በማግስቱ ወርዶ አገኘነው።

መብላት፣ መልበስ፣ ደረጃ መውጣት የመሳሰሉ 10 ነገሮችን ራሱ መቻሉን አይቶ ከ100 ነጥብ የሚሰጥ ባርቴል የሚባል መለኪያም አለው። 60 ላይ ተገትሮ ሲቀር አላባበለንም፤ «ቆሟል» ብሎ ልምምዱን ቀየረ። አሁን 85 ነው። ባርቴል የማስታወስን ነገር ስለማይዝ፣ ሦስት ቃል ነግሮት ከ5 ደቂቃ በኋላ ይጠይቀዋል። እንዳይሸመድዳቸው በየጊዜው ይቀይራቸዋል። ባለፈው «ታንኳ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ» ነበሩ፤ ሦስቱንም ሲመልስ እናቴ መሬት ሳመች።

በአራት ወር 48 ሰከንዱ 17 ሆኗል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ቅዳሜ ዕለት በቀኝ እጁ እንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

ወንድማችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ከሰዓት ወንድሜን ይዤ ጣና ዳር ስለምወጣ ማታ እመልስላችኋለሁ።