ለገና የገዛሁት የመንዝ ባና

ደብረ ብርሃን ላይ የታኅሣሥ ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ማታ ማታ ቤት ውስጥም ያንዘፈዝፋል። ለዚህ ነው ዘንድሮ ለገና የልጆቹን አዲስ ልብስ ትቼ ባና (ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ) የገዛሁት፣ ገበያ ላይ ከሚሸጡ አንዲት እናት። «እማማ፣ አያሳክክም?» ስላቸው «መጀመሪያ ትንሽ ይኮሰኩሳል ልጄ፣ ከሥር ነጠላ አድርጊበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በዋዜማው ማታ ሁለቱም ልጆች ባናው ውስጥ ተጠቅልለው፣ የዶሮ ወጡን ሽታ እየሳቡ፣ «መቼ ነው የሚነጋው?» እያሉኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከህዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነን፣ እኔም ልቤ ወጡ ላይ ነበር። ትንሿ ጣቶቿን ጥቁሩ ጸጉር ውስጥ ሰክታ ተኛች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጉድለቱን ልንገራችሁ፦ ይከብዳል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ለማጠብ አይመችም፣ የበግ ሽታውም ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ አይለቅም። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው፣ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ሌሊት ላይ አይከዳም። ጠዋት ድፎ ዳቦውን እንኳ እዚያው እንደተጠቀለሉ ነው የበሉት። ለአባቴም አንድ ልገዛለት ነው።