ልጄን በሦስት ሳምንቷ ለደረሰችላት ባለሙያ፣ ከእሷም በፊት ለነበሩት እናት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህታችንን አራስ ልጠይቅ እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ከተማ ሄጄ ነበር። ገንፎ ቀርቦ፣ ሕፃኑ ጉልበቴ ላይ ተኝቶ፣ ስለ ምጧ እያወራን ሳለ ከሆስፒታል የተሰጣት የወረቀት ክምር አልጋው አጠገብ ተቀምጦ አየሁ። ከመካከሉ አንዷን ገና ከሩቅ አወቅኳት። የጆሮ ምርመራ ውጤት ናት። የግራ ጆሮው አላለፈም፣ ለሁለተኛ ምርመራ ተመለሱ ትላለች። «ይቺን አይተሻታል?» ብላት፣ «እሱን ተዪው፣ ስወልደው ውሃ ገብቶበት ነው። ይሰማል እኮ! በር ሲዘጋ ይደነግጣል» አለችኝ።

ገንፎው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ይህንኑ ቃል እኔም ብዬዋለሁና። «በር ሲዘጋ ይደነግጣል።» ለዓመታት የማውቀውን ሰው ሁሉ በዚህ ቃል ሳሳምን ኖሬአለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው፤ ማመስገን የሚገባኝን ሰው ሳላመሰግን አምስት ዓመት አልፎኛል። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አዲስ አበባ ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት የሚለው ሁለት ቃል ነበር፤ «እማ» እና «ዋ»። «ዋ» ውሃ ማለት ነው። ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። ወንድ ልጅ አፉ ቶሎ አይፈታም፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር፣ ቆይቶ አላናግር ይልሻል። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራውም። ሐኪሙ ከኋላው ቆሞ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ልጄ ዞር አለ። «ይሰማል፣ ምንም የለበትም፣ ሂጂ» አለኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔም እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ወጣሁ። ያንን ደስታዬን ሳስታውሰው ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ዲቪ ደርሶን ኮሎራዶ መጣን። እዚህ ደግሞ አገሩ የሠለጠነ ነው ብዬ ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ጥያቄ በጥያቄ አደረጉኝ፤ ጆሮውን ግን የነካው ሰው የለም። መጨረሻ ላይ «ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፤ አማርኛውን ተዪውና ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሪው» ተባልኩ። እንግዲህ አስቡት። የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ ሱቅ ገብቶ ለመውጣት እንኳ አይበቃም ነበር። አሥር ወር ሙሉ ልጄን «ካም»፣ «ሲት»፣ «ኢት» እያልኩ ከረምኩ። ተረት የለ፣ እሹሩሩ የለ፣ «የኔ ጌታ» የለ። ሲወድቅ እንኳ «እኔን!» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ እመልሰው ነበር። ልጁም ዝም፣ እኔም ዝም። ያንን ምክር የሰጡኝን ሰዎች በልቤ ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ጨርሻለሁ አልልም።

እንዲህ እያለን ነው ሚጡ የተወለደችው። በሁለተኛ ቀኗ አንዲት ሴት ትንሽ መሣሪያ ይዛ መጥታ በጆሮዋ አስገባች፤ አላለፈችም። ደገመቻት፣ አላለፈችም። ወረቀት ሰጡኝ። ባለቤቴ «የእነሱ ነገር ማብዛት ነው» አለ፤ እኔም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በር ሲዘጋ ትደነግጥ የለ?

ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር ነው፣ አላነሣሁም። በማግሥቱ ተደወለ። በሦስተኛው ቀን ሳነሣው መስመሩ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ነበረች። የደወለችው የጸሐፊ ሠራተኛ እንዳትመስላችሁ፤ ኦዲዮሎጂስቷ ራሷ ናት፣ ማለትም የመስማት ችሎታን የምትመረምረው ባለሙያ። ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ለማታውቃት አራስ! ቀጠሮ ያዘችልኝና «ስትመጪ ልጅቷ ርቧት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት ይሁን። መንገድ ላይ እንዳታስተኚያት» አለችኝ። ጨካኝ መሰለችኝ። ለካ እዚያው ጠብታ እዚያው እንድትተኛ ኖሯል፤ ምርመራው የሚሠራው ሕፃኑ ሲተኛ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ቀጠሮ ላላችሁ ይጠቅማችኋል።

ግንባሯ ላይና ከጆሮዋ ኋላ ትንንሽ ነገር ለጠፈችባት፣ መብራቱን ቀነስ አደረገች፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ስክሪኑ ላይ ይወጡና ይወርዱ የነበሩት መስመሮች ምን እንደሆኑ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ስትጨርስ ያደረገችውን ነው። ከስክሪኑ ዞረች፣ ወንበሯን ጎተተች፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ቀርባ ተቀመጠች። አስተርጓሚዋን «እያንዳንዱን ቃል ንገሪልኝ፣ ምንም አታሳጥሪ» አለቻት። ከዚያ «ልጅሽ የምትሰማው ነገር አለ። የማትሰማው ግን ይበዛል። መስሚያ መሣሪያ እናደርግላታለን» አለችኝ። አለቀስኩ። ሰዓቷን አላየችም። ጨርሼ እስክነሣ ድረስ ዝም ብላ ተቀመጠች።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ትልቁ ልጄ ጥግ ላይ መኪና ይጫወት ነበር። አራት ዓመቱ ነው። ስለ እሱ አንድ ቃል አልነገርኳትም። እሷ ግን ስታየው ቆይታለች። «ወንድሟ ሰው ሲያናግረው የሚያየው ዓይንን ሳይሆን አፍን ነው» አለችኝ። ከዚያ «በአማርኛ አፍንጫህ የት አለ በዪው» አለች። ብዬው አፍንጫውን ነካ። ቀጥላ ወረቀት ሰጠችኝ፤ «አፍሽን ሸፍነሽ ሌላ ጠይቂው» አለችኝ። አፌን ሸፍኜ «ጆሮህ የት አለ?» አልኩት። ልጄ ፈገግ ብሎ አየኝና፣ አሁንም አፍንጫውን ነካ።

ሁለት ቦታ ወስጄው ያላዩትን፣ እኔ እናቱ አራት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ ያላየሁትን፣ እሷ ሌላ ልጅ እየመረመረች አየችው።

ሠራተኞቹ ቦርሳቸውን ይዘው እየወጡ ነበር። «እሱንም ዛሬ አየዋለሁ» አለች፤ መሽቶብን ወጣን። ውጤቱን የነገረችኝ በሚገባኝ ቋንቋ ነው። ማጨብጨብ ይሰማዋል፣ በርም ይሰማዋል፤ «ሰ»ን፣ «ፈ»ን፣ «ተ»ን የመሰሉ ቀጫጭን ድምፆች ግን አይደርሱትም። «ሰላም» ስትዪው «አላም» ነው የሚሰማው አለችኝ። ስለ አማርኛው ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ልጆችሽ የሚፈልጉት አንቺ አሳምረሽ የምትችይውን ቋንቋ ነው። ሁለት ቋንቋ ጆሮ አይደፍንም። ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ አናግሪያቸው» አለችኝ። መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ለሁለቱም «የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት» እያልኩ ነው ቤት የደረስኩት።

መሣሪያው ደርሶ ለሚጡ ሲደረግላት «አንቺ ቅደሚ፣ በቋንቋሽ ጥሪያት» ብላ እሷ ወደ ኋላ አለች። «የኔ እናት» አልኩ። ሚጡ አልሳቀችም፣ አልዞረችም። ምንም የለም ብዬ ልቤ ሊሰበር ሲል ባለሙያዋ በጣቷ የሕፃኗን አፍ አሳየችኝ። ትጠባው የነበረው የላስቲክ ጡጦ ቆሟል። ደግሜ ጠራኋት፤ ዓይኗ ፈጠጠ፣ መጥባቷን እንደገና አቆመች። «ሰማችሽ» አለችኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የአንዲት አሮጊት ፎቶ እያመለከተች «እኚህ ሴትዮም ከብዙ ዓመት በፊት ይጠብቁት የነበረው ይህንኑ ነበር» አለችኝ።

ማሪዮን ዳውንስ ይባላሉ። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው ያገኘሁትን ሁሉ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አንብቤአለሁ፤ ውለታቸው አለብኝና። እ.ኤ.አ. በ1914 በሚኒሶታ ተወለዱ። ሦስት ልጆች ካሳደጉ በኋላ ነው ለማስተርስ ሊመዘገቡ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የሄዱት። የምዝገባው ሰልፍ ሁሉ ረጅም ሆኖባቸው አጭሩን መርጠው ቆሙ፤ እሱ የንግግርና የመስማት ትምህርት ሰልፍ ሆኖ ተገኘ! እኔ ይህን አጋጣሚ አልለውም። እግዚአብሔር ነው አጭር ሰልፍ ላይ ያቆማቸው።

በእሳቸው ጊዜ ልጅ መስማት እንደማይችል የሚታወቀው ሁለት ዓመት ተኩልና ሦስት ዓመት ሲሞላው ነበር፤ የኔ ልጅ እንዲያውም ከዚያም ዘግይቶ በአራት ዓመቱ ነው። እሳቸው ግን ለምን እንጠብቃለን አሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መመርመር ጀመሩ። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥነው፣ ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ለሕፃኑ አስጠግተው፣ ዓይኑን ጨፈነ? ደነገጠ? መጥባቱን አቆመ? እያሉ ይመዘግቡ ነበር። በዚህ ዓይነት 17,000 ሕፃናት አይተው ውጤቱን በ1969 አሳተሙ። ገና የጥቂት ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናትም መስሚያ መሣሪያ ያደርጉላቸው ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ እብደት ነው የሚመስለው።

ሁሉም አላጨበጨበላቸውም። በ1969 እሳቸው ባነሡት ሐሳብ የሕፃናትን መስማት የሚከታተል ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ቃል ምን ሆነ መሰላችሁ? ዘዴው ገና አስተማማኝ ስላልሆነ ሕፃናትን ሁሉ መመርመር ገና ነው የሚል። በራሳቸው ቤት የተባለ ነው! እውነትም ነበረው፤ አንዱ ተመልካች ደነገጠ ሲል ሌላው አልደነገጠም ይላል። እሳቸው ግን አልተዉትም። በ1978 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ኬምፕ የሚባል ሳይንቲስት ጤናማ ጆሮ ድምፅ ሲገባበት ራሱም መልሶ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳየ። ጆሮ መልስ ይሰጣል ማለት ነው! የሚጡ ጆሮ ውስጥ የገባችው ያቺ ትንሽ መሣሪያ ያንን መልስ ነበር የምትጠብቀው። በ1993 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ሕፃን ሁሉ ይመርመር ሲሉ፣ ማሪዮን 79 ዓመታቸው ነበር። በ1998 ደግሞ የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ስድስት ወር ሳይሞላቸው የታወቀላቸው ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ እንደሚበልጡ አሳዩ። ሠላሳ ዓመት ጠብቀው በዓይናቸው አዩት። እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው ድረስ ቴኒስ ይጫወቱ ነበር። በ2014፣ በ100 ዓመታቸው አረፉ። ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን። አንድም ቀን አላየኋቸውም፤ ስማቸውን ግን በጸሎቴ አልረሳም።

በሁለቱ ልጆቼ መካከል ያለው ልዩነት አራት ዓመት አይደለም፤ ያቺ ምርመራ ናት። ትልቁ ዛሬ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ግን እያንዳንዱን ቃል በላብ ነው ያገኘው። ሚጡ በአምስት ዓመቷ በሁለት ቋንቋ ትከራከረኛለች። ማታ መሣሪያዋን ከማውለቄ በፊት «ደህና እደሪ» ካላልኳት ጆሮዋን በእጇ ይዛ አታስነካኝም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እለምናችኋለሁ። ያቺ ወረቀት ካለቻችሁ አትተዋት። ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ብቻ ሆኖ ሁለተኛው ምርመራ ላይ ያልፋሉ፣ እውነት ነው፤ ግን ከ1,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት አያልፉም፣ ከእነዚያ አንዷ የኔ ናት። እዚህ አገር የሚባለው አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት ነው፤ በአንድ ወር ምርመራ፣ በሦስት ወር እርግጠኛው ውጤት፣ በስድስት ወር እርዳታው ይጀመር። መሣሪያም ይሁን የምልክት ቋንቋ፣ ወይም ሁለቱም፣ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ልጁ ግን ያለ ቋንቋ አይቆይ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው፣ አትፈሩ። አገር ቤት ያላችሁም አጨብጭቦ የሚሸኛችሁን አትመኑ፤ በመሣሪያ ይታይልኝ በሉ። አማርኛችሁን ተዉ ቢሏችሁ ደግሞ አትስሙ፣ በፍጹም አትስሙ።

የባለሙያዋን ስም ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ እዚህ አልጽፍም። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ የልጃችሁን ሐኪም «የሕፃናት ኦዲዮሎጂስት ዘንድ ላኩን» በሉት። እሷንም፣ አንድ ቀን ሰው ተርጉሞላት ይህን ካነበበች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላታለሁ። የእጅሽን ዋጋ እሱ ይክፈልሽ፤ ልጆችሽን ይባርክልሽ። ሦስተኛውን ቀን ባትደውዪ ምን እሆን ነበር?

አራሷ እህታችን ሰኞ ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ደወለች። ለሐሙስ ቀጥረዋታል። ልጁን ርቦት እንድናመጣው ተነግሮናል፤ እኔ ነኝ የምነዳው።