«የብራውዘር ሙሉ ሴቲንግ» ብለው 1,500 ብር ለሚጠይቋችሁ እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው እህቴ ላይ የደረሰው ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። ዋጋው ደህና ነበር፣ ዕቃውም እስካሁን አላስቸገራትም። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሻጩ ልጅ «እህት፣ 1,500 ብር ጨምሪና የብራውዘር ሙሉ ሴቲንግ ልሥራልሽ። ማስታወቂያ አይመጣብሽም፣ ቪዲዮ ታወርጂበታለሽ፣ ቪፒኤንም አለው፣ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው» አላት። (ብራውዘር እንደ ክሮም ያለ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው፤ ቪፒኤን ደግሞ መስመራችንን በሌላ ኮምፒውተር አዙሮ የታገደ ገጽ የሚያስከፍት ነው።) ከፈለች።

ሳምንት ትንሽ እንዳለፈ ደወለችልኝ። «ፓኬጁ ምን እንደሚበላው አላውቅም» አለች። የወር ኢንተርኔት ገዝታ በዘጠኝ ቀን አልቋል። እሷ ደግሞ ኢሜይል ከማየትና ኤክሴል ከመሥራት ያለፈ ብዙ ነገር አትነካም። ቤቷ ሄጄ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ክሮም ላይ «የአዲስ አበባ አየር ሁኔታ» ብዬ ጻፍኩና ኢንተር መታሁ። አድራሻው ላይ የማላውቀው ስም ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላ ስም ብልጭ አለ። ከዚያ ነው ውጤቱ የመጣው፤ እሱም ከላይ ያሉት አራት መስመሮች በሙሉ ማስታወቂያ ናቸው። ማስታወቂያ እንዲያጠፋ ገንዘብ የተከፈለበት ብራውዘር ራሱ ማስታወቂያ ያመጣል።

የኤክስቴንሽኖቹን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ዝርዝር ሳየው 11 ናቸው። ሦስቱ ማጥፊያ ቁልፍ የላቸውም። የክሮም ሜኑ መጨረሻ ላይ ደግሞ ብራውዘሩ በድርጅት የሚተዳደር መሆኑን የሚገልጽ መስመር አለ። እባካችሁ ይህን መስመር ልብ በሉት። አሠራሩ መጀመሪያ የተፈጠረው መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ኮምፒውተር እንዲቆጣጠሩበት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ትእዛዝ ይቀመጣል፣ ክሮም በዚያ ትእዛዝ ኤክስቴንሽኑን ራሱ ይጭናል፣ ተጠቃሚው ማጥፋት አይችልም። የእህቴ ላፕቶፕ የግሏ ነው። እዚያ ትእዛዝ የሚያስቀምጥ ድርጅት የላትም። ያስቀመጠው ገንዘቧን የተቀበለው ሰው ነው።

ማስታወቂያ ማጥፊያ ተብሎ የተጫነላት ስሙ «ዩብሎክ ኦሪጅን» ለሚባለው የቀረበ ነው። አርማውም ቀይ ጋሻ ይመስላል። እውነተኛውን ዩብሎክ ኦሪጅን የጀመረው ሬይመንድ ሂል የሚባል ሰው ሲሆን ኤክስቴንሽኑ ፍጹም ነፃ ነው። ሰውየው የእርዳታ ገንዘብ እንኳን አይቀበልም። ስለዚህ በዩብሎክ ስም ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ለሠሪው የሚደርስ ሳንቲም የለም። የማስመሰል ንግዱም ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ማስታወቂያ ማጥፊያ የሚሠራው አድጋርድ የተባለ ድርጅት በክሮም መደብር ውስጥ አምስት ጎጂ ኤክስቴንሽኖችን አጋልጦ ነበር፤ አብዛኞቹ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ማጥፊያዎች ነበሩ። አምስቱ አንድ ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበራቸው። አንዱ «ዩብሎክ ፕላስ» ይባል ነበር። ከታወቀ ስም ጋር አንድ ቃል ለጥፎ መሸጥ ማለት ይህ ነው።

ስለ ቪፒኤኑ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችንን የሚነካው እሱ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ሲገደቡ ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫንን። ስንቶቻችን ከዚያ በኋላ አጠፋነው? ነፃ ቪፒኤን ወጪውን ከአንድ ቦታ መሸፈን አለበት። «ሆላ» የሚባለው ታዋቂ ነፃ ቪፒኤን እንዴት እንደሚሸፍን እ.ኤ.አ. በ2015 በሰፊው ታወቀ። እናንተ በሌላ ሰው መስመር ትወጣላችሁ፣ ሌላው ሰው ደግሞ በእናንተ መስመር ይወጣል። ኩባንያው ይህን የተጠቃሚዎች መስመር «ሉሚናቲ» በሚባል አገልግሎት ለሌሎች ደንበኞች ይሸጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት። የማታውቁት ሰው ኢንተርኔት ላይ የሠራው ነገር ከእናንተ ቤት የወጣ ይመስላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ዳታ በጊጋ ባይት እየቆጠርን ነው የምንገዛው፤ እሱ ባወረደ ቁጥር የሚያልቀው የእኛ ፓኬጅ ነው። የእህቴን ቪፒኤን ካጠፋነው በኋላ ያው ፓኬጅ ወሩን ሙሉ አደረሳት።

ከሁሉ የከፋው ግን ፈቃዱ ነው። ኤክስቴንሽን ስትጭኑ ትንሽ ሳጥን ብቅ ይላል። በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃችሁን ሊያነብና ሊለውጥ ይችላል የሚል አንድ መስመር አለው። አብዛኞቻችን ሳናነብ «አክል» እንላለን። መስመሩ ግን የሚለውን ማለቱ ነው። የምትጽፉትን ኢሜይል፣ የፌስቡክ ፓስወርዳችሁን፣ ባንካችሁን በብራውዘር የምትከፍቱ ከሆነ የሒሳባችሁን ገጽ ያያል። እውነት ለመናገር ጥሩ ማስታወቂያ ማጥፊያም ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለሱ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ጥያቄው ቁልፉን ለማን ነው የምሰጠው የሚለው ነው። እህቴ ለ11 የማታውቃቸው ሰዎች ሰጥታ ነበር፣ ያውም ሳጥኑን ራሷ ሳታየው።

ደግሞ ዛሬ የታመነው ነገ ሊሸጥ ይችላል። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የሚባል የማይጠቀሙበትን ታብ እያስተኛ ኮምፒውተሩን የሚያቀልል ኤክስቴንሽን ነበር። እኔም እጠቀምበት ነበር፣ ወድጄውም ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሠሪው ማንነቱ ላልታወቀ ገዢ አስተላለፈው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ጎግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከመደብሩ አወጣው፤ ከተጠቃሚዎችም ላይ ዘጋው። ባለቤቱ ሲቀየር የነገረን አልነበረም። ኤክስቴንሽኑ በራሱ ጊዜ ይታደሳል፣ እናንተ ምንም አትነኩም፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። «የዕድሜ ልክ ነው» የሚለው የሻጩ ቃል ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ነገ ማን እንደሚይዘው እሱም አያውቅም።

ተመሳሳይ ነገር ከገጠማችሁ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ብዙ ሰው ደንግጦ መጀመሪያ ፓስወርድ ይቀይራል፣ ያውም በዚያው በተበላሸው ብራውዘር። ኤክስቴንሽኑ አዲሱንም ያነበዋል! መጀመሪያ ኤክስቴንሽኑን አጥፉ። ማጥፊያ ቁልፍ ከሌለው ትእዛዙን ከዊንዶውስ ውስጥ የሚያወጣላችሁ የምታምኑት ባለሙያ ፈልጉ፣ ወይም ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን። እኔ ለእህቴ ፋይሎቿን አስቀምጬ እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ከዚያ ፓስወርዱን ከስልካችሁ ቀይሩ። በመጨረሻ ከሁሉም መሣሪያ ውጣ የሚለውን ንኩ፣ አለበለዚያ ቀድሞ የገባ ሰው አዲስ ፓስወርድ ሳያስፈልገው እዚያው ሊቆይ ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ ገንዘብ አልጠፋባትም።

አሁን ላፕቶፗ ላይ ፋየርፎክስ ነው ያለው፣ ሁለት ኤክስቴንሽን ብቻ አለው። ዩብሎክ ኦሪጅንና የፓስወርድ መያዣው ቢትዋርደን። ሁለቱም በነፃ ነው። ከፋየርፎክስ የራሱ መደብር ወስደን፣ የሠሪውን ስም አይተን፣ በአሥር ደቂቃ ጨረስን። ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ጎግል ደንቡን ስለቀየረ የቆየው ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያ አይሠራም፤ በምትኩ ከዚያው ሠሪ «ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት» አለ፣ እሱም ነፃ ነው። የስልክ ፋየርፎክስ ላይ ግን፣ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሙሉው ይሠራል። ዩብሎክ ማስታወቂያውን ገና ከመውረዱ በፊት ስለሚያግደው ፓኬጅም ይቆጥባል።

ሱቁ ሄደን ገንዘቧን ጠየቅን። ልጁ «እኔ የጫንኩት ንጹህ ነው፣ አንቺ የሆነ ነገር ነክተሽ ነው» አላት። ዝርዝሩን ከነተጫነበት ቀን ፎቶ አንስቼው ነበርና አሳየሁት። ሁሉም ላፕቶፑን የገዛችበት ዕለት የተጫኑ ናቸው። ዝም አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 700 ብር መለሰ። ትናንት የቴሌግራም ቻናሉን ሳየው ያንኑ «ሙሉ ሴቲንግ» በ1,800 ብር እያስተዋወቀ ነው።