ቀርከሃ፣ ፌሮ ወይስ መረብ? ለሐረግ ተክሎች ድጋፍ ከመሥራታችሁ በፊት

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ለአተር ብዬ እንደ ክንድ የወፈረ እንጨት ተከልኩ። ጠንካራ ነው፣ ያምራልም። አተሩ ግን ሥሩ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ክር የመሰሉት እጆቹ እንጨቱን ነካ ያደርጋሉ፣ መጨበጥ ሲያቅታቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ለካ አተር የሚይዘው ቀጭን ነገር ብቻ ነው፦ ሲባጎ፣ ሽቦ፣ ጭራሮ።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ተክሉ እንዴት እንደሚወጣ እዩ። ረጅሙ ፎሶሊያ ግንዱ ራሱ ስለሚጠመጠም ቋሚ ይበቃዋል። አጭሩ ዓይነት ደግሞ ድጋፍም አያሻው። አተርና ኪያር መረብ ይወዳሉ። ቲማቲም ጭራሽ አይወጣም፤ ካላሰሩት ይተኛል።

ለፎሶሊያ ቀርከሃን የሚያህል የለም። ቀላል ነው፣ በመጋዝ ይቆረጣል። 2.5 ሜትር የሚሆኑ አራት ዘንጎች ክብ ሠርታችሁ ትከሉ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይግባ፣ ጫፋቸውን ሰብስባችሁ እሰሩ። አለቀ። ስትገዙ ግን ዘንጉን ዞር ዞር አድርጋችሁ እዩት። የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ነገርና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካለበት ነቀዝ ገብቶበታል፣ ተዉት። ደህናውም ቢሆን አፈር የሚነካው ቦታ ላይ ይበሰብሳል። በየዓመቱ እዚያ ጋ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት።

ፌሮ ለቲማቲም ነው። የ10 ሚሊ ሜትሩ በሜትር 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ለመሸከም አይከብድም። አካሉ ላይ ያሉት እብጠቶች ማሰሪያው እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ዝገቱ አያሳስባችሁ፤ ለዓመታት ያገለግላል። የሚያስፈራው ጫፉ ነው፣ ጎንበስ ሲሉ ዓይን ይወጋል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት። ማሰሪያው ደግሞ ሽቦ ሳይሆን ያረጀ ቲሸርት ቁራጭ ይሁን። በግንዱና በብረቱ መካከል አንዴ አጣምሩት፣ ግንዱ ሲወፍር እንዳይታነቅ።

መረብ ላይ ሰው የሚሳሳተው በቀዳዳው ስፋት ነው። እጃችሁ ገብቶ ኪያር ይዞ መውጣት አለበት፤ 15 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። በጠባቡ ቀዳዳ ያደገ ኪያር ወገቡን ታንቆ ይቀራል። የናይለኑ መረብ ርካሽ ቢሆንም እኔ አልወደውም። ወፍ ይጠልፋል፣ የደረቀውን ሐረግ ከውስጡ መልቀም ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለአተር የቃጫ ገመድ ከላይ ወደ ታች ብትዘረጉ ይሻላል፤ ሲያልቅ ከነሐረጉ ቆርጣችሁ ኮምፖስት ውስጥ ትጥሉታላችሁ። ብቻ ቅጠል የለበሰ መረብ ንፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ስለሚገፋ የዳርና ዳር ቋሚዎቹን አታሳንሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ ዘር ሳይገባ ትከሉት። ዘግይቶ የሚመታ እንጨት ሥር ይበጥሳል።