ዘይት መምጠጫ የእጅ ፖምፓ፦ ውሃ ለገባበት ሞተር ምን ያህል ይረዳል?

ድሬዳዋ ውስጥ የሱቅ ጄኔሬተርም ሆነ የመስኖ ሞተር ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰራል። የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ቡሎን ከሥር ለመፍታት እጅም ቁልፍም አይገባም። ጀልባ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ሞተሩ ጀልባው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ዘይቱ የሚወጣው ከላይ፣ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ተመጥጦ ነው። 6 ሊትር የሚይዘው የእጅ ፖምፓ የሚሠራው ይህንን ነው።

ለተራ ዘይት ቅየራ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ዘይቱ ለብ ሲል ቀጭኑን ቱቦ ኮፓው ወለል እስኪነካ መክተት፣ ከዚያ የፖምፓውን እጀታ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሳብ ብቻ ነው። በጣም ከጋለ ቱቦው ይለሰልስና ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ዘይቱ ወፍሮ እጅ ያደክማል።

ውሃ ገብቶበት ዘይቱ ማኪያቶ ሲመስል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሞተሩ ከሰጠመ በምንም ምክንያት አይነሳ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ካለ ፒስተኑ ሲወጣ ቢዬላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) ያጣምማል። ካንዴላው ወይም ኢንጄክተሩ ይፈታ፣ ሞተሩ በእጅ ይዙር፣ ውሃው በቀዳዳው ይውጣ። ከዚያ ሌሊቱን ሳይነካ ይደር። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ያልተቀላቀለው ከሥር ይተኛል፤ ፖምፓው ጠዋት መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። እዚህ ላይ ከቡሎን አይተናነስም።

ድክመቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከዘይቱ ጋር ተመትቶ ክሬም የሆነው ውሃ በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ሥርና በዘይት መተላለፊያዎቹ ውስጥ ይጣበቃል፤ ቱቦው ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ ክዳኑ ተፈትቶ ክሬሙ በጨርቅ ይጠረግ፣ ፊልትሮው ይቀየር። ሞተሩ የሚፈልገው ዓይነት ርካሽ አዲስ ዘይት ይሞላና ሞተሩ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ፍጥነት) ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ ሳይቀዘቅዝ ይመጠጥ። አንድ ዙር አይበቃም፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ያስፈልጋል። የወረቀት ፊልትሮ ውሃ ስለሚይዝ በየዙሩ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን መልሶ ማሰር ያወጡትን ውሃ መልሶ መክተት ነው። ዘይቱ የጠራ ከመሰለ አንድ ጠብታ የጋለ ብረት ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ከተንጣጣ ገና ውሃ አለው።

ውሃው የገባበት በር ሳይዘጋ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። የራዲያተር ውሃ እየጎደለ የዘይቱ ልክ ከፍ ካለ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ይመርመር። ጀልባ ላይ የባሕር ውሃ በጭስ ማውጫው ተመልሶ፣ ወይም በውሃ ፖምፓው ባረጀ ማሸጊያ በኩል ይገባል። ጨው ስላለበት ብሮንዚኑንና ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግና የሚሽከረከርበትን መቀመጫ) ቶሎ ይበላል፤ እጥበቱ ለነገ አይባልም። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚነሳ ጄኔሬተር ክዳን ሥር የሚታይ ስስ ነጭ ነገር ግን፣ በተለይ ጠዋቱ በሚቀዘቅዘው ሐረር፣ ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው፤ ጭነት ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ይጠፋል።

ባጃጅ ላለው ይህን ፖምፓ አንመክርም። ቡሎኑ ከሥር በቀላሉ ይገኛል፤ በእሱ ሲወጣ ቆሻሻውም አብሮ ይወርዳል። ሲሚንቶ ላይ ለታሰረ ሞተር ግን ይገዛ። ሲገዛ የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣት ዘግቶ እጀታውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ስቦ መጠበቅ ነው፤ ስበቱ ጥቂት ደቂቃ ካልቆየ ክዳኑ ወይም መገጣጠሚያው አየር ያስገባል፣ ዘይትም አይስብም። የወጣው ዘይት በጄሪካን ይቀመጥ እንጂ ደቻቱ አሸዋ ላይ አይደፋ፤ ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው።