ለአንዲት በተን 1,800 ብር፦ የጎማ መብራት የምታስጠፉ ተጠንቀቁ

ወገን፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። «የኮምፒውተር ምርመራ አለ» የሚል ባነር ሰቅለው፣ መኪና ገና ሳይቆም በር የሚከፍቱላችሁን ታውቋቸዋላችሁ። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር መስመር ካሉት አንዱ ጋ ነው የተበላሁት።

ክሩስኮት ላይ ያቺ የፈረስ ኮቴ የምትመስል፣ መሃሏ ቃለ አጋኖ ያለባት፣ የጎማ ንፋስ ሲጎድል የምትበራው ቢጫ መብራት በርታ ነበር። ልጁ ስካነሩን መሪው ስር ሰካና ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረው። «ሴንሰሩ ኤረር አለው፤ ከኮምፒውተሩ ላይ መደምሰስ አለበት» አለ፤ ጎማ ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚለካውን ዕቃ ማለቱ ነው። አንድም ጎማ ጎንበስ ብሎ አላየም። በቀኝ እጁ ስክሪኑን እየነካካ ግራ እጁ መሪው ስር ገብታ ቀረች። ዓይኔ እያየ! መብራቷ ቀስ እያለች ሦስቴ ብልጭ አለችና ጠፋች። «ምን ተጫንክ?» ስለው «እህቴ፣ ይሄ ፕሮግራሚንግ ነው፣ አይገባሽም» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቁ። እኔም አመስግኜ 1,800 ብር ከፍዬ ወጣሁ። አመስግኜ!

የተጫነው የሪሴት በተን ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ መሪው ስር፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ አለ፤ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ስክሪኑ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ አራቱም ጎማ በልኩ ይነፋል። ከዚያ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጋችሁ፣ መብራቷ ሦስቴ ቀስ ብላ ብልጭ እስክትል በተኑን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ ትለቁና ጥቂት ደቂቃ ኦን ላይ ትተዉታላችሁ። ፕሮግራሚንግ የተባለው ይሄ ነው።

ብሩስ ይሁን። ንፋስ በጎደለው ጎማ ላይ ሪሴት ሲደረግ ግን መኪናው በዚያ ሰዓት ያለውን ንፋስ ትክክለኛ ልክ አድርጎ ይይዘዋል። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው የእኔ መኪና ልክ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። መብራቷ የምትበራው ከዚያ ሩብ ያህል ሲጎድል፣ 24 አካባቢ ነው። በርታ ከነበረ ጎማው ቢበዛ 24 ነበር ማለት ነው፤ ልጁ ያንን ነው ለመኪናው «ደህና ነህ» ብሎ ያስተማረው። በአራተኛው ቀን፣ ትናንት ማለት ነው፣ ተመልሳ ስትበራ የኋላ ግራው 18 ላይ ደርሷል። ሚስማር ነው። ሌላ ጎሚስታ ከቸርኬው ሲያወጣው ከውስጡ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ጥቁር ብናኝ ረገፈ። ጎኑ በጎደለ ንፋስ ሲፈጭ ሰንብቷል፤ አይለጠፍም ተባልኩ። ደህና ጎማ እንደዋዛ ሄደ።

የአየር መለኪያው ደግሞ የት ነበር? በሩ ኪስ ውስጥ። ለመለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ የሰው ስክሪን አየሁና እሱን አመንኩ።

ለማንኛውም፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ሳትል ዝም ብላ በርታ ከቀረች ንፋስ ጎድሏል፤ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት በርታ ቀን ላይ የምትጠፋውም ይቺው ናት፤ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን የሴንሰር ችግር ነው። የሴንሰር ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሠራል፤ አብሮ የታሸገ ስለሆነ «ባትሪውን ብቻ ልቀይርልሽ» የሚላችሁን አትስሙ። ሴንሰር የምትገዙ ከሆነ ለመኪናው መልእክት የሚልክበት የሬዲዮ ሞገድ ይለያያል፤ የቆዩት የአሜሪካ ቶዮታዎች ብዙዎቹ 315 ሜጋኸርዝ፣ የአውሮፓው 433 ነው። ከተሳሳታችሁ መኪናው አያነበውም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።